እናቷን አሳዩኝ

ሲሬ ውስጥ ድመትን በመልኳ የሚመርጥ ሰው ሳላይ ነው ያደግሁት። የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ እህል ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። ምርቱ ከአውድማ ተነሥቶ ጎተራ ከገባበት ቀን ጀምሮ የቤቱ ሰው ከአይጥ ጋር ትግል ይገጥማል። ስለዚህ «እነ እገሌ ቤት ድመት ወለደች» ሲባል አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄድና ግልገሎቹን ገና ሳታይ «እናታቸው የታለች?» ትላለች። እናቲቱ አይጥ ትይዛለች ወይስ ምድጃ ሥር ተኝታ ትውላለች? ጫጩት ትነካለች? ልጅ ትቧጭራለች? ድስት ከድና የሄደች ሴት ስትመለስ ክዳኑን እንደነበረ ታገኘዋለች? ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው ወደ ግልገሎቹ የምትዞረው። የእናትየው ነገር ካላማራት ግልገሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ቡናዋን ጠጥታ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ለእኛ ለልጆቹ መሳቂያ ነበር። አክስቴ ግን የምትሠራበት ሕግ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አፓርታማ የሚኖር ቤተሰብ ድመት ሲያምረው የሚፈልገው «ዘር ያላትን» ነው፤ ፐርሺያን፣ ሲያሚዝ፣ ብሪቲሽ። ቴሌግራም ላይ ፎቶዋ ይለጠፋል፣ ከሥሩ ዋጋዋ ይጻፋል፣ ፀጉሯና የዓይኗ ቀለም ይዘረዘራል። ስለ ዓመሏ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ተጫዋች»። ያቺ ተጫዋች የተባለች ፍጡር አሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ፣ አብራን ልትኖር ትችላለች። ለአንድ ዓመት የምንቀጥራትን ሠራተኛ ስንት ሰው ጠይቀን ነው ቤታችን የምናስገባት?

እኛ ቤት የድመትን ነገር ያነሣችው የ13 ዓመት ልጄ ናት። እኔ ጆሮ የሰጠሁት ግን ስለ አባቴ ብዬ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከሲሬ መጥተው አብረውን ይኖሩ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ወጥተን ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ሠራተኛችን በተመላላሽ ስለምትሠራ ቀትር ላይ ጨርሳ ትሄዳለች። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሲሬ ሳሉ ደጃፋቸው ላይ ከተቀመጡ የሚያልፈው ሁሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ታመመው ጎረቤት ሳያወራቸው አያልፍም ነበር። እዚህ የሚያልፈው መኪና ነው። ማታ ሲያናግሩን ድምፃቸው ገና ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ስላልከፈቱ።

ልጄ የፈለገችው ነጭ ፐርሺያን ነው፤ ዓይኗም ሰማያዊ መሆን አለበት። ፎቶውን ስልኳ ላይ ለሁላችንም አሳየችን። እውነት ለመናገር ታምራለች። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቀኑን ሙሉ ከድመቷ ጋር የሚውለው ማን እንደሆነ ነበር። ከአባቴ በቀር ማንም የለም። አባቴ 79 ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። የፐርሺያን ፀጉር በየቀኑ ካልተበጠረ ተጠቅልሎ ቆዳዋን ያማታል። ፊቷ ጠፍጣፋ ስለሆነ ዓይኗ ያነባል፣ እሱም ይጠረጋል፤ አፍንጫዋ ስላጠረ ሲተነፍሱ የሚቸገሩም አሉ። ዓመሏ ረጋ ያለ ነው ይባላል፤ ከሚንቀጠቀጥ እጅ ጋር ግን እንዴት ይሆናሉ?

ባለቤቴ በበኩሉ ሌላ ሐሳብ አመጣ። «በአገራችን ስም የምትጠራ ድመት እያለች ለምን የፋርስ ድመት እንገዛለን?» አለ። ስለ አቢሲኒያን ማለቱ ነው። በዓለም ዙሪያ የታወቀች፣ ፀጉሯ እንደ ጥንቸል የሆነች ቀልጣፋ ድመት ናት። የሚነገረው ታሪክ የጄኔራል ናፒየር ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ሲመለስ አንድ መኮንን ዙላ የተባለች ድመት ይዞ እንግሊዝ ገባ የሚል ነው፤ ዙላ ጦሩ ያረፈባት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ናት። እ.ኤ.አ. በ1874 በታተመ የድመት መጽሐፍ ውስጥም ሥዕሏ አለ። ነገር ግን የዘረመል ተመራማሪዎች የዛሬዎቹን አቢሲኒያኖች ሲመረምሩ የዘራቸው መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚያዘነብል ሆኖ አገኙት። ሆላንድ ውስጥ በላይደን ሙዚየም ደግሞ ከመቅደላ ጦርነት ሠላሳ ዓመት በፊት የተገዛ፣ እሷኑ የሚመስል የደረቀ ድመት አለ፤ የተጻፈበት አገር ሕንድ ነው። ከእኛ የወሰደችው ስማችንን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ትንሽ ቅር አለው።

ስሟን ብተውላት እንኳ ዓመሏ ለአባቴ አይሆንም ነበር። አቢሲኒያን ቀኑን ሙሉ የምትዘል፣ መጋረጃ ላይ የምትወጣ፣ እግር ሥር የምትሽሎከለክ ድመት ናት። በከዘራ ለሚሄድ ሽማግሌ ይህ ጨዋታ ሳይሆን የወገብ ስብራት ነው።

የሆነ ሆኖ መጀመሪያ የሄድነው ነጯን ፐርሺያን ለማየት ነው። አባቴም አብረውን ወጡ፤ ከቤት መውጣቱ ራሱ ደስ ብሏቸው ነበር። የሻጩ ሳሎን ያምራል፤ ግልገሏ ትራስ ላይ ተኝታለች። የተጠየቅነው ዋጋ የሁለት ወር የቤት ኪራያችንን ያህል ነው። አባቴ ዙሪያውን ከቃኙ በኋላ «እናቷን አሳዩኝ» አሉ። ሻጩ እናቷ ሌላ ቦታ እንደሆነች ነገራቸው። የት እንዳደገች፣ ከማን ጋር እንደነበረች ጠየቅሁት፤ እሱም ከሌላ ሰው የተረከባት ስለሆነ አያውቅም። በዚህ መካከል ከወጥ ቤት የብረት ትሪ ወለል ላይ ወድቆ ተንኳኳ። ሁላችንም ደነገጥን። ግልገሏ ግን ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ሻጩ «አያችሁ፣ እንዴት የተረጋጋች ናት!» አለ።

ስንወጣ አባቴ ደረጃው ላይ ቆም ብለው «ያቺ ልጅ አትሰማም» አሉኝ። በኋላ ያነጋገርኳቸው የእንስሳት ሐኪም ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሰማያዊ ከሆኑ ነጭ ድመቶች መካከል ብዙዎቹ ደንቆሮ ሆነው እንደሚወለዱ ነገሩኝ፤ ፀጉሩን ነጭ የሚያደርገው ዘረመል የውስጥ ጆሮንም ስለሚነካ ነው። መስማት የማትችል ድመት በሚያውቋት ሰዎች እጅ ደስ ብሏት ልትኖር ትችላለች፤ ለሌላ ቤት ጥሩ ድመት ትሆናለች። የእኛ ቤት ችግር ግን አባቴ ቀኑን ሙሉ የሚሰማቸው ማጣታቸው ነበር።

ሐኪሟ ሌላም ነገር አስረዱን፤ ድመት ለመግዛት ላሰበ ቤተሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ እጽፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ድመቶችን ጠባይ አጥንተው፣ የዝርያ ልዩነት የምር እንዳለ አሳይተዋል። አንዱ ዝርያ ከሌላው ይልቅ ዓይነ አፋር ነው፣ አንዱ ከሰው ጋር መነካካት ይወዳል፣ አንዱ አይወድም። ሆኖም በተመራመሩባቸው ዝርያዎች ከዘር የሚወረሰው ከጠባዩ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ነው። የቀረው የኑሮ ነው። ከኑሮው ሁሉ ደግሞ የሚብሰው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት የሰው እጅ የለመደ፣ በተለይም የተለያዩ ሰዎች ያቀፉት ግልገል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው አይፈራም። ጓዳ ተዘግቶበት ያደገውን ግን በኋላ ማላመድ አድካሚ ነው። በሦስተኛ ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱንም አትርሱ፤ ድመትም ይይዛታል።

ይህን ለአባቴ ስተረጉምላቸው ፈገግ አሉ፤ ሲሬ ውስጥ ማን የማያውቀው ነገር ነው የሚሉ ይመስላሉ። አንድ ነገር ግን አስደነቃቸው። ደፋርና ሰው ወዳድ የሆነ አባት ያላቸው ግልገሎች፣ አባታቸውን አንድም ቀን ሳያዩት እሱን መስለው ይወጣሉ። «የድመትን አባት ማን ያውቀዋል!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ከሰማኋቸው ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር።

ሁለተኛው ቤት ለረጅም ዓመታት ውጭ የኖረች ሴት ቤት ነው። ስትመለስ ሁለት ሲያሚዝ ድመቶች ይዛ መጥታለች። በሩን ከፍታ «አባባ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ከማለቷ እናትየው ድመት መጥታ ጮኸችብን። «ሚያው» የምንለው ዓይነት አይደለም። ወፍራም፣ የተጎተተ፣ ሰው የሚጠይቅ የሚመስል ድምፅ ነው። አባቴ ቆመው አዳመጧትና «እኛም ደህና ነን» አሏት።

ሲያሚዝ በወሬኛነቷ የታወቀች ናት። መልስ ትፈልጋለች፣ ካልመለሱላት ትደግማለች፣ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ትከተላለች። ይህ ለብዙ ሰው ጉድለት ነው፤ ከቤት እየሠራ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ለሚውል ሰው፣ ግድግዳው ስስ የሆነ ኮንዶሚኒየም ለሚኖርም ሰው አልመክርም። ብቻዋን መዋልም አትወድም። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው አለን።

የቀሩት ሁለት ግልገሎች ናቸው። አንደኛዋ ፊቷ በጥቁር የተኳለ፣ ገላዋ ወተት የመሰለ ውብ ናት። ሁለተኛዋ ጅራቷ ጫፉ ላይ ተቆልምሟል፣ ዓይኖቿም ትንሽ ሸውረር ይላሉ። ባለቤቷ ሁለተኛዋን በግማሽ ዋጋ ነው የምትሰጠው። የድሮ ሲያሚዞች እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ለውድድር የሚያረቡ ሰዎች ናቸው ለዓመታት እየመረጡ ያስቀሩት። የመጀመሪያው ትልቅ የድመት ትርኢት ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ከተካሄደበት ከ1871 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳኞች የሚያዩት ፀጉር፣ ቀለምና ቅርጽ ነው። ቤት ውስጥ አብሮ ለመኖር እንዴት ናት ተብሎ የሚሰጥ ሜዳሊያ የለም።

አባቴ ከዘራቸውን አጠገባቸው አጋድመው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማንንም አልጠሩም። ውቧ መጥታ ጫማቸውን አሸተተችና ወደ ልጄ ሄዳ መጫወት ጀመረች። ሸውራራዋ ትንሽ ርቃ ተቀምጣ አየቻቸው። ከዚያ አንዴ ጮኸች። አባቴ «ማል ታቴ?» አሏት፤ ምን ሆንሽ ማለታቸው ነው። መለሰችላቸው። እንደገና ጠየቋት፤ እንደገና መለሰች። ወደ ጭናቸው ወጥታ፣ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በራሷ ገፋ አድርጋ ሥሩ ገባች። መንቀጥቀጡ እንደ መዳበስ ሳይሆንላት አልቀረም። እናቷን ደግሞ አይተናታል፤ ቆይታችንን ሁሉ የባለቤቷ ትከሻ ላይ ነበረች።

መኪና ውስጥ ልጄ አኮረፈች። «ሰው ሲያያት ይስቅብኛል» አለች። አባቴ ምንም አላሉም፤ ቦርሳው ውስጥ ከምትጮኸው ጋር እያወሩ ነበር። እኔ ግን ሐኪሟ የነገሩኝን ነገርኳት። የሲያሚዝ ቀለም ሙቀትና ብርድ የሚጽፈው ነው። ግልገሎቹ ሲወለዱ ነጭ ናቸው፣ የእናታቸው ማኅፀን ሞቃት ስለሆነ። ጥቁሩን ቀለም የሚሠራው ኢንዛይም የሚሠራው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ብቻ ነው፤ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ መዳፍና ጅራት ላይ። ዕድሜ ሲጨምርና አገሩ ሲበርድ ገላዋም እየጠቆረ ይሄዳል። የወደድሻት ወተት መሳይ ድመት ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡናማ ትሆናለች አልኳት። ልጄ «ታዲያ ይቺኛዋስ?» አለች። እሷም ትጠቁራለች፤ ወሬዋ ግን ያው ነው።

አባቴ ቆሎ ብለው ስም አወጡላት፤ ገላዋ የገብስ ቆሎ ይመስላል፣ ፊቷ ደግሞ ሳይነካ ቀርቶ ያረረውን። ማታ ስንገባ ድምፃቸው የተከፈተ ሆነ። ምን እንደተባባሉ ይነግሩናል። «ዛሬ ስለ ዝናቡ ነገርኳት፣ አላመነችኝም።» ስታንኮራፋ ዳዊት እየደገመች ነው ይላሉ። የሚያናግሯት በኦሮምኛ ነው፤ ከእኛ ጋር እኮ አማርኛ ብቻ ነበር የሚያወሩት፤ ልጆቼ ኦሮምኛ ስለማያውቁ። አሁን ትንሹ ልጄ «አባባ፣ ምን አሏት?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። ኮቱ ና ማለት መሆኑን፣ ድመት አዱሬ መባሏን የተማረው በእሷ ምክንያት ነው። እኔ አሥር ዓመት ለምኜ ያላስተማርኩት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ሰሞን እህቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች እኛ ቤት መምጣት ፈርታ ነበር። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ ነገር ግን ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ አሸዋው በየቀኑ ከተጠረገ፣ የሚጠርገውም ነፍሰ ጡሯ ካልሆነች አደጋው ትንሽ ነው። ሐኪሟ እህቴን ያስጠነቀቋት ከድመቷ ይልቅ ከጥሬ ሥጋ ነው። ይህን ስትሰማ ይበልጥ አዘነች።

ባለፈው ኅዳር አባቴ የምርቱን አሰባሰብ ሊያዩ ሲሬ እንደሚሄዱ ነገሩን። «ቆሎስ?» አልናቸው። «እሷም ትምጣ እንጂ፤ ለማን ትቼያት?» አዳማን አልፈን፣ በዴራ በኩል እስክንደርስ ቦርሳው ውስጥ ሆና ሙሉውን መንገድ አወራች። አክስቴ ባየቻት ጊዜ ለረጅም ሰዓት ዝም አለች። ከዚያ «ይቺ ታማለች ወይ?» አለች። ጅራቷን አገላበጠች፣ ዓይኗን አየች። ዋጋዋን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። እኔ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ የአይጥ መርዝ። መርዝ የበላች አይጥ ድመቷንም ትገድላለች። አክስቴ «ድመት መጥታ የለ፤ መርዝ ለምን እገዛለሁ?» ብላ ቃል ገባችልኝ። ክትባቷን ጨርሳለች፣ እንዳትወልድም ተደርጋለች። ይህን የመጨረሻውን አክስቴ እስካሁን ይቅር አላለችኝም፤ እናትየዋን ወዳት ነበርና ግልገል ልትጠይቀኝ አስባ ነበር።

አባቴ ለሁለት ሳምንት ነበር የሄዱት። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስደውል ጠዋት ጠዋት ቆሎን ይዘው ደጃፉ ላይ እንደሚቀመጡ፣ የሚያልፈው ሁሉ ድምፅዋን ሊሰማ እንደሚቆም ነገሩኝ። ገና እዚያው ሆነ። ጥምቀትም እዚያው ሆነ። የአርሲ ደጋ ብርድ ሥራውን ሠርቶ ወገቧ ድረስ ጠቁራለች፤ ፎቶዋን ስልክልሽ ልጄ «ይቺ እኮ የእኛ አይደለችም» ብላ ተከራከረችኝ። አባቴን ስልክ ላይ «መቼ ነው የሚመጡት?» ስላቸው ስለ ስንዴው ያወሩኛል። ብቻቸውን ሲሬ እንዳይቀሩ ብለን ነበር ያመጣናቸው፤ አሁን ብቻቸውን አይደሉም።

ልጆቹ ማታ ማታ ይደውላሉ። ትንሹ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ቆሎን ስጡኝ» ይላል። አባቴ ስልኩን ወደ እሷ ያስጠጉታል፤ እሱም በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛው «ማል ታቴ?» ይላታል። ከሲሬ በኩል ያ ወፍራም ድምፅ ይመጣል፤ ከኋላው ደግሞ የአባቴ ሳቅ።